መሬት የጠራቸው ስሞች፦ በጎጃምና በጎንደር መዛግብት ቅድመ አያትን ስለ መፈለግ

ከጣና ዙሪያ ባለው አገር፣ በጎጃምና በጎንደር፣ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ዘወትር የሚሰማው ምክር «መዝገብ የለንም፤ ሽማግሌ ጠይቅ» የሚል ነው። ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንደሚገኘው የእያንዳንዱን ሰው ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በተርታ የያዘ የደብር መዝገብ እዚህ አልተለመደም። ነገር ግን በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ሽያጭ አለ። የደብር ካህናት መሬት የተከፋፈሉበት ዝርዝር አለ። የተዝካር ስም፣ የርስት ሙግት፣ የግብር ደረሰኝ አለ፤ በቃል የሚወርደው የአባቶች ቆጠራም ከእነዚህ ጎን ይቆማል። ፈላጊውን የሚያስቸግረው የእነዚህ ሁሉ ጠባይ ነው። አንዳቸውም ቅድመ አያትን ለማስታወስ ተብለው አልተዘጋጁም፤ ከተዝካሩ በቀር ሁሉም ከመሬት የተወለዱ ናቸው። አንድ ስም በብራና ላይ ወይም በሽማግሌ አፍ የቆየው መሬት ስለጠራው ነው። መሬት ያልጠራው ስም በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ አገር የዘር ሐረግ የምንለው ነገር መጀመሪያውኑ የሙግት ቃል ነው፤ እንደ ሙግት ቃል ያላነበበው ሰው በየደረጃው ይሳሳታል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ይኸው ነው። (የተለየ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል በዚህ አገር ከምሳሌያዊ ንግግርነት ያለፈ የሕግ አቋም ነበር። አላን ሆበን በ1960ዎቹ በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጠው ያጠኑትና በ1973 ያሳተሙት ሥራ ይህን አቋም ከውስጡ አፍታትቶ ያሳየ ነው። እንደ እርሳቸው ገለጻ፣ አንድ የርስት አገር መጀመሪያ መሬቱን አቀና በሚባል አቅኚ አባት ስም ይጠራል። የአቅኚው ልጆች ምንዝር አባቶች ይሆናሉ፤ መሬቱም በየምንዝሩ ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ፈጅ የሚባል ጠሪና ተጠሪ አለው። ድርሻ የሚፈልግ ሰው ከራሱ ተነሥቶ እስከ ምንዝር አባቱ፣ ከዚያም እስከ አቅኚው ድረስ ቆጥሮ ተወላጅነቱን ለፈጁና ለሽማግሎች ያስረዳል፤ ካልተቀበሉት ወደ ዳኛ ይሄዳል። ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄዳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ታስተላልፋለች።

ለዘር ፈላጊ ትልቁ ቁም ነገር ያለው በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው። ማንም ሰው ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ሲወጣ ዐሥራ ስድስት ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው በየአገራቸው የርስት ጥያቄ ያወርሳሉ። አንድ ገበሬ ግን በሁሉም ቦታ ተከራክሮ በሁሉም ቦታ ማረስ አይችልም። የሚኖርበትን፣ ዘመድ የሚያግዘውን፣ ተቃዋሚው የደከመበትን መርጦ ይይዛል። የያዘውን መሬት የሚያስረዳለትን መስመር አጥብቆ ይቆጥራል፤ ለልጁም የሚያስጠናው ያንኑ ነው። የቀሩት መስመሮች ሐሰት አይደሉም፤ ሥራ ስላጡ ብቻ ይረሳሉ። በዚህ የተነሣ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ደብር ቢቀመጡ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆቻቸው የሚቆጥሯቸው አባቶች በአንድም ስም ላይገናኙ ይችላሉ። አንደኛው ወገን በአባቱ እናት በኩል፣ ሌላኛው በእናቱ አባት በኩል ወጥቷልና። በዘመናችን የቤተሰብ ዛፍ የሚሥሉ ሰዎች እንዲህ ያሉ ሁለት ዝርዝሮች ሲገጥሟቸው አንዱን እውነተኛ፣ ሌላውን የተሳሳተ አድርገው ይደመድማሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉበት መንገድ እንዳለ ማወቅ ብዙ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ። ቆጠራው ሁልጊዜ ሁለት ጠንካራ ጫፎችና አንድ ልል መካከል አለው። ከላይ አቅኚውና ልጆቹ አሉ፤ ክፍፍሉ በእነርሱ ስም ስለሆነ አይረሱም። ከታች ተናጋሪው ያያቸው ወይም በቅርብ የሰማቸው ሦስት አራት ትውልዶች አሉ። በመካከል ያሉት ግን መሬቱ በእነርሱ ስም ስላልተከፈለ ይጨማደዳሉ፤ አንዱ ይዘለላል፣ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች አንድ ይሆናሉ፣ አጎት አባት ይሆናል። ስለዚህ ትውልዱን ቆጥሮ በሠላሳ ዓመት እያባዛ «አቅኚያችን የመጣው በአፄ እገሌ ዘመን ነው» የሚል ስሌት፣ ብዙ የአካባቢ ታሪክ ጽሑፎች ቢወዱትም፣ መሠረት የለውም። ሆበን ራሳቸው ቆጠራው ብቻውን ድርሻ እንደማያስገኝ አሳይተዋል፤ ጉልበት፣ ሹመትና ወዳጅ ያለው ሰው ቆጠራው ቢላላም ይረታ ነበር። እኔ የምቀበለው ይህ ግኝታቸው ሊነግረን የሚችለውን ያህል አልተነገረም ብዬ አስባለሁ። ቆጠራ በጉልበት የሚረታ ከሆነ፣ የረታው ሰው ቆጠራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአገሩ ቆጠራ ይሆናል፤ የተረታው ደግሞ ትውልዱን የሚያሰማበት ሸንጎ ያጣል። ዛሬ ከሽማግሌ የምንሰማው የረቺዎች ሐረግ ነው።

መሬት ብቻውን የማስታወስ ምክንያት እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አለመጋባት የሚለው ሥርዓት ሌላ ዓይነት እውቀት ይጠይቃል። ርስት ቆጣሪ ወደ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ይዞ ይወጣል፤ ጋብቻ መርማሪ ግን በየጎኑ ተዘርግቶ አክስትን፣ የአያትን እህት፣ የእህቷን ልጆች ይፈልጋል። በጎጃምና በጎንደር ይህን ሁለተኛውን እውቀት ብዙውን ጊዜ የያዙት አሮጊቶች ናቸው። ጠያቂዎች ግን በርስት ጉዳይ የሚናገሩትን ወንድ ሽማግሎች ብቻ ያነጋግራሉ፤ መካከለኛው ትውልድ ልል ሆኖ የሚቀረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። እመይቴን ሳይጠይቁ የወጡበት መንደር ገና አልተጠየቀም ማለት ይቻላል።

ከቃል ወደ ጽሑፍ ስንሻገር ከደጋ ዳሞት ገበሬ ቤት ወጥተን ጎንደር ከተማ እንገባለን። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ በተለይም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የመሬት ሽያጭን፣ ስጦታንና ኑዛዜን በደብር መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ መጻፍ የተለመደ ሥራ ሆነ። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ፣ በጎጃምም እንደ መርጡለ ማርያምና ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉ አድባራት ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ መኖሪያ ናቸው። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980ዎቹ እየዞሩ እነዚህን ጽሑፎች በማይክሮፊልም አነሡ፤ በ2000 ያወጡት ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍም በእነዚሁ ላይ የቆመ ነው። የእርሳቸው ሰነዶች ከሆበን ገበሬዎች በተለየ ስለ መኳንንት፣ ስለ ወይዛዝርትና ስለ ደብተራዎች የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ ያነበበ ሰው ስለ ሁለት የተለያዩ አገሮች የተጻፉ ሊመስሉት ይችላሉ። ዘር ፈላጊ ግን ሁለቱን ማጣመር ግዴታው ነው፤ ቅድመ አያቱ ባላገር ቢሆን እንኳ ያረሰው መሬት በአንድ ወይዘሮ ወይም በአንድ ደብር ስም ተጽፎ ሊገኝ ይችላልና።

አንድ የተለመደ የሽያጭ ጽሑፍ ሻጩን፣ ገዢውን፣ የመሬቱን ስምና ዋጋውን ይናገራል። ዋጋው በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ ይነገራል፤ ወደ ኋላ ዘመን በብር ይሆናል። ከዚያ ዋሶችና ምስክሮች በስማቸውና በሹመታቸው ይዘረዘራሉ፤ መጨረሻ ላይ ይህን የሻረ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይመጣል። ለዘር ፈላጊ ከሻጭና ከገዢ ይልቅ የምስክሮቹ ተርታ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ምስክር ከሻጩ ወገንም ስለሚጠራ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ አማችና ጎረቤት እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። ሻጩ ስለ ራሱ የማይነግረንን ዝምድና በምስክሮቹ አቀማመጥ እናገኘዋለን። ዘመዶች ያልቆሙበት ሽያጭ ኋላ ሙግት እንደሚያስነሣ ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ ሊቃወም የሚችለው ሰው በቅድሚያ ምስክር እንዲሆን ይደረግ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ የምስክሮች ዝርዝር የተወላጆች ዝርዝር ማለት ነው።

ዘመኑን ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብዙዎቹ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረት አይጠቅሱም፤ የወንጌላዊውን ዘመን፣ የንጉሡን ስምና የባለሥልጣኖቹን ስም ይሰጣሉ። ዓመተ ዓለሙ ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። «በዘመነ ሉቃስ፣ በአፄ ኢያሱ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ መጀመሪያ የቀዳማዊ ኢያሱን (1682–1706) ዘመን ከዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755) መለየት ያስፈልጋል። ራስ ወልደ ልዑል ወይም እቴጌይቱ ከተጠቀሱ ዳግማዊው መሆኑ ይታወቃል፤ በእርሳቸው ዘመንም ሉቃስ ስድስት ጊዜ ያህል ስለሚውል የደብሩን አለቃ ስም ይዞ ማጥበብ ይገባል። ከ1769 በኋላ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ነገሥታቱ በመሳፍንቱ እጅ ይሾማሉ ይሻራሉ፤ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብቻቸውን ስድስት ጊዜ ነግሠዋል። በእንዲህ ያለ ዘመን የንጉሡ ስም ዓመት አይነግርም፤ የገዢው ራስና የደብሩ አለቃ ስም ይበልጥ ይታመናል። ይህን ስሌት ትቶ «የጎንደር ዘመን» ብሎ ማለፍ አያትንና የልጅ ልጅን አንድ ሰው ከማድረግ አያድንም።

ከዘመን ቀጥሎ ስም ያስቸግራል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ አንድ ሰው የራሱንና የአባቱን ስም ይይዛል፣ አባቱም የአያቱን። ደብር ግን ሰውን በክርስትና ስሙ ይጽፋል፤ መንደሩ በዓለም ስሙ ይጠራዋል፤ ጦር ሜዳ የዋለ ከሆነ አባ እገሌ የሚል የፈረስ ስም ይጨመርለታል፤ ሲሾም ሹመቱ ስሙን ይውጠዋል። አንድ ሰው በተዝካር ዝርዝር ወልደ ሚካኤል፣ በሽያጩ ጽሑፍ በዓለም ስሙ፣ በሽማግሌው ቆጠራ በፈረስ ስሙ ሊገኝ ይችላል። እነዚህን ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው መሬቱ ነው። የመሬቱ ስም ከሰው ስም ይልቅ ጸንቶ ይኖራል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው መርማሪ በሰው ስም ሳይሆን በመሬት ስም ይጀምራል። ለጀማሪ አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይህን ነው፦ አያትህ ማን ይባሉ ነበር ከማለትህ በፊት አያትህ ያረሱት ማሳ ምን ይባላል ብለህ ጠይቅ።

የአባት ስም የሚሸፍነውን ነገር ለማየት ከታላላቆቹ አንዱን እንውሰድ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ በስማቸው የደጃዝማች ዮሴዴቅ ልጅ ናቸው። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ጋር የሚያገናኛቸው ግን እናታቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ ናቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉትም እርሳቸው ናቸው። ምንትዋብም ራሳቸው ከነገሥታት ዘር መሆናቸው የሚነገረው በእናታቸው በወይዘሮ እንኮዬ በኩል፣ እስከ አፄ ሚናስ ድረስ ተቆጥሮ ነው። ሦስት ትውልድ ሙሉ የሥልጣን መስመሩ በሴቶች አልፎ ሳለ በስም ላይ የሚታየው አባት ብቻ ነው። በመኳንንቱ እንዲህ ከሆነ በባላገሩ ይብሳል፤ እዚያ ዜና መዋዕል ጽፎ እናቲቱን የሚያስታውስ የለም።

ክረሚ በጎንደር ሰነዶች ውስጥ ሴቶች ሻጭም ገዢም፣ አውራሽም ወራሽም ሆነው በብዛት መገኘታቸውን ቀደም ብለው ማሳየታቸው ለዚህ ጥናት ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም እነዚያ ወይዛዝርት የከተማና የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው። በገጠሩ ቆጠራ ሴት የምትገኘው እንደ ድልድይ ነው፤ ከአንዱ አባት ወደ ሌላው የሚያሻግር ስም ሆና ብቻ። መሬት ያሻገረችው ትጠራለች፤ ርስት ወደሌለበት አገር የተዳረችው እህቷ ትረሳለች። ይህ ግን መርማሪውን የሚጠቅም ምልክትም ነው። በወንዶች ስም በተርታ ሲወርድ በነበረ ቆጠራ መካከል ድንገት የሴት ስም ከተነሣ፣ በዚያች ቦታ ክርክር ነበር ማለት ነው። አንድ ተወላጅ በወንድ መስመር ማግኘት ያልቻለውን መሬት በእርሷ በኩል ጠይቋል። የዚያ ክርክር ሰነድ ካለ፣ በደብር ይሁን በዳኛ ቤት፣ መፈለግ ያለበት በእርሷ ልጆች ዘመን ነው።

ቆጠራውን በጽሑፍ ለማኖር ከሞከሩት መካከል አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን የሚያህል የለም። «የጐጃም ትውልድ በሙሉ ከዐባይ እስከ ዐባይ» የተባለው ሥራቸው ርእሱ እንደሚለው የጎጃምን ትውልድ በየአገሩ የሚያወርድ ነው፤ ግርማ ጌታሁን ለኅትመት አብቅተውታል። ብዙ የጎጃም ቤተሰብ ሐረጉን ፍለጋ መጀመሪያ የሚከፍተው ይህን መጽሐፍ ነው፤ ብዙዎችም እንደ መጨረሻ ቃል ይወስዱታል። መጽሐፉን የምናነበው ግን ሌሎቹን ሰነዶች በምናነብበት ጥንቃቄ መሆን አለበት። ጸሐፊው ከኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃም ያደጉ የቤተ ክህነት ሊቅና ሠዓሊ ነበሩ። በሚጽፉት ቆጠራ ውስጥ በዘር የሚጠይቁት ርስት ስላልነበራቸው፣ የአንዱን ምንዝር ቃል ከሌላው ለማስበለጥ የራሳቸው ጥቅም አላስገደዳቸውም፤ ይህ ያስከብራቸዋል። የጻፉት ግን የየአገሩ ተናጋሪዎች የሰጧቸውን ነው፤ ተናጋሪዎቹም ለመናገር የበቁት ባለርስቶች ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ሰፊ የሙግት ስብስብ ነው፤ አሻሚ ሆኖ ሲገኝም የጸሐፊው ጉድለት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በዚህ አገር ርስት ያልነበራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ የእነርሱ የልጅ ልጆችም ዛሬ ሐረጋቸውን ይፈልጋሉ። በጎጃምና በጎንደር ዜጋ ይባሉ የነበሩ፣ የራሳቸው ርስት የሌላቸውና በጌታ መሬት የሚኖሩ ጥገኞች ነበሩ፤ ሀብታሙ መንግሥቴ ተገኝ በዚህ ላይ የሠሩት ጥናት ባለርስቱን ብቻ ስናይ የቆየነውን የጎጃም ሥዕል ያስተካከለ ነው። ባሪያዎች ነበሩ። ቀጥቃጮች፣ ፋቂዎች፣ ሸማኔዎች ነበሩ። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተወሰነው መሠረት በጎንደር ተለይተው እንዲኖሩ የተደረጉ ሙስሊሞች ነበሩ። ቤተ እስራኤልም ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ ከአፄ ይስሐቅ (1414–1429) ጀምሮ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል ሕግ እንደወጣ በትውፊት ይነገራል። በጎንደር ግንብ ዘመን አንዳንድ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በሙያቸው ሹመትና መሬት እንዳገኙ ጄምስ ኩዊሪን አሳይተዋል። ከእነዚህ ጥቂቶች በቀር የርስት መዝገብ ለእነዚህ ሁሉ ዝግ ነው። ዝምታው ግን አንድ ወጥ አይደለም። ባሪያ በሰነድ ውስጥ በስሙ ብቻ፣ ያለ አባት ስም፣ ይጠራል። ሙስሊሙ ነጋዴ በገንዘብ ጉዳይ ይነሣል። ዜጋው ከመሬቱ ጋር ይታሰባል። ያለ አባት የተጻፈ ስም ያገኘ መርማሪ ጽሑፉ ጎድሏል ብሎ ማለፍ የለበትም፤ አባትየው ያልተጻፈው የሚያወርሰው ነገር የለውም ተብሎ ስለታሰበ ነው።

በቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ ይህ ጉዳይ እስከ ዘመናችን ወርዷል። ርስት ባይቆጥሩም ሰባት ትውልድ ይቆጥሩ ነበር፤ የጋብቻ ሥርዓታቸው ያስገድዳልና። ወደ እስራኤል ሲገቡ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ ብዙዎች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተው የነበሩ ቤተሰቦች በጎንደር ሆነው ለመግባት ሲጠባበቁ፣ የእስራኤል መንግሥት በ2003 ያሳለፈው ውሳኔ በእናት መስመር ትውልዱን ማስረዳት የሚችለውን እንዲቀበል አደረገ። እንግዲህ ርስት ተሽሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው በጎንደር ሰዎች እንደገና ሽማግሌ እያቆሙ፣ ምስክር እየጠሩ፣ ሐረግ እየቆጠሩ በባለሥልጣን ፊት ቆሙ። የርስት ሥርዓት በእናትም በአባትም ያስቆጥር ነበር፤ ይህ አዲሱ በእናት ብቻ አለ። በአባት በኩል የነበረው እውቀት ወዲያው ሥራ አጣ፤ ተረስቶ የነበረው የእናት እናት ስም ደግሞ የቤተሰቡ ሁሉ ተስፋ ሆነ። የአንድን ቤተሰብ መለያየትና መገናኘት የሚወስን ቆጠራ እንዲህ ባለ ጠባብ በር እንዲያልፍ መደረጉ ያሳዝነኛል። ለታሪክ አጥኚም ማስጠንቀቂያ አለው፦ ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚሰበሰብ ሐረግ የእናትን መስመር አግዝፎ፣ የአባትን አሳንሶ ይገኛል።

ሰነዶቹ ያሉበት ቦታ ሌላው ፈተና ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ደረሱ፤ ዛሬ በለንደኑ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ኅዳግ የጎንደር ሰዎች የመሬት ውል ተጽፏል። የደንቢያ ገበሬ የቅድመ አያቱ ሽያጭ የተመሰከረበት ገጽ ለንደን ሊገኝ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ዘረፋ የሥነ ጥበብ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ዝርፊያው የቤተሰብ መዝገብም እንደነበር ይዘነጋል። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደግሞ የቀረው ብዙ ጠፋ። በየአገሩ የተረፈውን በፊልም ለማኖር በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን አንሥቷል፤ ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ላይ ያዘጋጁት ዝርዝር ኅዳግ ላይ ያሉ ጽሑፎችን ሳይንቅ ስለሚጠቅስ ለዘር ፈላጊ መነሻ ነው። የክረሚም ፊልሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኛሉ።

በየደብሩ ያለውን ለማየት ግን ገበዙን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ገበዞች ይጠራጠራሉ ተብሎ ይወቀሳሉ፤ እኔ ጥርጣሬያቸውን ተገቢ አድርጌ እወስደዋለሁ። ብራና ተሰርቆ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከዚያም በላይ የኅዳጉ ጽሑፍ መሬት ያስከራከረ ስለሆነ ገጹን የሚያገላብጥ እንግዳ ሁሉ ሙግት ይዞ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ። የፈቃድ ወረቀት ይዞ ከመቅረብ በፊት የማን ልጅ እንደሆኑ፣ በየትኛውም መሬት ላይ እንደማይከራከሩ ለሰበካው ሽማግሎች ማስረዳት የጥናቱ አካል ነው።

የመሬቱ ጥሪ ያበቃበት ቀን ይታወቃል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀበት አንዱ ምክንያት መሬት ተለክቶ ርስት ይነካል የሚለው ፍርሃት ነበር፤ ያን ጊዜ ቆጠራ ሕያው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ አቅኚ አባት ለማንም ድርሻ የሚያስገኝ መሆኑ ቀረ። ለጭሰኛና ለዜጋ ዘር ይህ ነፃነት ነበር፤ ይህን ሳይናገር ስለ ቆጠራ መጥፋት የሚያዝን ሰው ፍርዱ የጎደለ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የተወለደ ልጅ ግን ምንዝር አባቱን የሚማርበት ምክንያት አልነበረውም። አዋጁ ሲወጣ ለአካለ መጠን ደርሰው ራሳቸው ቆጥረው የተከራከሩት ሰዎች ዛሬ ካሉ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው።

ዛሬ በአማራ ክልል ገበሬው እጅ ያለው ሰነድ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በውስጡ ባልና ሚስት እኩል ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ይገኛል፤ የማሳው አዋሳኞችም በስማቸው ተጽፈዋል። ከዚህ በፊት በዚህ አገር የተራ ገበሬ ሚስት እንዲህ በግልጽ የተመዘገበችበት ሰነድ እምብዛም አልነበረም። አያት ግን አይጠየቅም፤ የመጣበት መስመርም አይጻፍም። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» ተብለው የተመደቡና መሬታቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች ዝርዝርም አያትን አይናገርም፤ ግን ማን በማን ላይ እንደመሰከረ የሚያውቁ ሰዎች በየቀበሌው አሉ። እነዚህን ሁለት መዝገቦች ከጎንደር ወንጌሎች ኅዳግ ጋር በአንድ የመሬት ስም ስር አገናኝቶ የሚያጠና ሰው፣ በአንድ ማሳ ላይ ከምንትዋብ ዘመን እስከ ዛሬ የቆሙትን ሰዎች፣ የተነሡትንና የተተኩትን ጨምሮ፣ በተርታ ማስቀመጥ ይችላል። እስካሁን ከቤተሰብ ጀምሮ ወደ መሬት የሄደ ጥናት ብዙ አለን፤ ከአንድ መሬት ተነሥቶ ወደ ቤተሰቦች፣ ወደ ባለርስቱም ወደ ዜጋውም ወደ ሸማኔውም የሚሄድ ጥናት በየሰበካው መጀመር ያለበት ከሰባ ዓመት በላይ ያሉት ሰዎች የማሳውን ስም ሲናገሩ መስማት በሚቻልበት በዚህ ጊዜ ነው።